ቮልቱን የሚይዘው ማን ነው?

ከጅግጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ዝናብ ሲጥል ውሃው በቢርካ ይጠራቀማል፤ ቢርካው ሲደርቅ ሰውም ግመልም ዓይኑን የሚጥለው ጉድጓድ ላይ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ በመሆኑ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከታች ተነክሮ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቦታ ደግሞ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ከጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች እስከ ቀብሪ በያህ ከተማና የስደተኞች ጣቢያ የሚደርሰው ውሃም ለዓመታት የተገፋው በናፍጣ ኃይል ነበር።

ፓምፑ የሚነሳበትን ቅጽበት ልብ ብሎ ላየው ብዙ ነገር ያስተምራል። ጄኔሬተሩ ያለ ጭነት 380 ቮልት ይዞ ይሽከረከራል። ኦፕሬተሩ ማስነሻውን ሲጫን ፓምፑ በመደበኛ ሥራው ከሚወስደው ከረንት አምስትና ስድስት እጥፍ በአንድ ጊዜ ይስባል። የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የጥበቃ ቤቱ አምፖል ይደበዝዛል፣ የቮልት መለኪያው ቀስት ቁልቁል ይወርዳል። ብዙም ሳይቆይ ቀስቱ ተመልሶ 380 ላይ ይቆማል። በዚያች አፍታ ማንም ሰው ምንም አልነካም። ሥራውን የሠራው ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የጄኔሬተሩ ክፍል፣ ከዳይናሞው፣ ክዳን ሥር የተቀመጠ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሰሌዳ ነው። ባለሙያዎች ኤቪአር ይሉታል፤ የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው።

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ማግኔቱ በፈጠነ ወይም በበረታ መጠን ቮልቴጁ ይጨምራል። ስለዚህ ቮልትን ለመለወጥ መንገዱ ሁለት ይመስላል፤ ፍጥነቱን መለወጥ ወይም የማግኔቱን ጉልበት መለወጥ። የመጀመሪያው ግን ዝግ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙዎቹ የናፍጣ ጄኔሬተሮች ያላቸው አራት የማግኔት ፖል ስለሆነ 50 ኸርዝ ለመስጠት በደቂቃ 1,500 ዙር መሽከርከር አለባቸው። ፍጥነቱ ከዚያ ፈቀቅ ካለ ፍሪኩዌንሲውም አብሮ ይዛባል። የቀረው የማግኔቱ ጉልበት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በዳይናሞው መሐል የሚሽከረከረው ሮተር ቋሚ ማግኔት ሳይሆን፣ ከረንት ሲያገኝ ብቻ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል ነው።

ኤቪአሩ ከጄኔሬተሩ መውጫ በቀጭን ሽቦ ናሙና ይወስዳል። የሚያየውን ቮልት መሆን ከሚገባው ጋር ያወዳድራል። ካነሰ ወደ ማግኔቱ የሚሄደውን ከረንት ይጨምራል፣ ከበዛ ይቀንሳል። የለመደች እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷ ሲቀዘቅዝ ማገዶ እንደምትጨምር፣ ሲግል ደግሞ እሳቱን እንደምትጎትት ሁሉ ኤቪአሩም ለአፍታ እጁን አያሳርፍም። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ ጥሩ ኤቪአር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እያረመ ቮልቱን ከተፈለገው አንድ በመቶ ከፍና ዝቅ ባለ ክልል ውስጥ ያቆየዋል።

ኤቪአሩ ደግሞ ዋናውን ማግኔት በቀጥታ አይመግበውም። ብራሽ በሌላቸው የዛሬ ዳይናሞዎች ኤቪአሩ ጥቂት አምፔር ብቻ የሚልከው ኤክሳይተር ለሚባል፣ በዚያው ዘንግ ላይ ላለ ትንሽ ጄኔሬተር ነው። ኤክሳይተሩ የሚያመነጨው ከረንት አብረው በሚሽከረከሩ ዳዮዶች በኩል አልፎ ወደ ዋናው ሮተር ይገባል። ሰንሰለቱ ይህን ያህል ቀላል ቢሆንም፣ በጥቂት መቶ ዋት ትእዛዝ በርካታ አሥር ኪሎዋት ይገዛበታል።

አሁን ብዙ ንብረት ወደሚቃጠልበት ጉዳይ እንምጣ። ጄኔሬተር ሁለት ተቆጣጣሪ አለው። አንደኛው ገቨርነር ነው፤ ናፍጣውን እያበዛና እያሳነሰ ፍጥነቱን ይጠብቃል። ሁለተኛው ኤቪአር ነው፤ ቮልቱን ይጠብቃል። የአንዱን ጥፋት በሌላው ብሎን ለማረም መሞከር ጅግጅጋም ሆነ አውበሬ ውስጥ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከሚያሳጡ ስህተቶች አንዱ ነው።

የናፍጣ ማጣሪያው ቆሽሾ ሞተሩ ደከመ እንበል። ፍጥነቱ ወርዶ ፍሪኩዌንሲው 42 ኸርዝ ሆነ። አብዛኛው ኤቪአር ፍሪኩዌንሲው ከ47.5 ኸርዝ በታች ሲወርድ ቮልቱንም አብሮ እንዲያወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ሞተሩ በደከመበት ሰዓት ሙሉ ቮልት ለመስጠት ቢታገል የሽቦ ጥቅሎቹ ይግላሉ፣ ሞተሩም ይብስ ይታፈናል። እናም ለቤት ዕቃ 220 ቮልት ይሰጥ የነበረው ጄኔሬተር ወደ 194 ቮልት ገደማ ይወርዳል። የተጠራው ሰው ፍሪኩዌንሲውን ሳይለካ ኤቪአሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ አዙሮ ቮልቱን ወደ 220 ይመልሰዋል። መብራቱ ደመቀ፣ ደንበኛው ደስ አለው። በማግስቱ ማጣሪያው ተቀይሮ ሞተሩ 1,500 ዙሩን ሲያገኝ ግን ከጄኔሬተሩ የሚወጣው 249 ቮልት ነው። ቻርጀሩ፣ ፍሪጁ፣ የሱቁ ሚዛን ይህን ሁሉ ይቀበላሉ። ጥፋቱ የማጣሪያው ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ዕቃው ነው።

ሌላም አለ። ኤቪአሩ ቮልቱን የሚያይበት ቀጭን ሽቦ በንዝረት ሲላላ ወይም ሲበጠስ መሣሪያው ዜሮ ቮልት ያያል። በእሱ ዓይን ጄኔሬተሩ ወድቋል፤ ስለዚህ ያለውን ከረንት ሁሉ ይለቃል። ለዚህ የሚሆን ጥበቃ የሌለው ኤቪአር ከሆነ ቮልቱ ወደ ላይ ይተኮሳል። የተርሚናሎቹን ብሎን በየጊዜው ማጥበቅ፣ አቧራውን በደረቅ አየር ማስነፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እንደ ጅግጅጋ ሜዳ ባለ አቧራማ አገር ይህን የሚያስታጉል ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ብዙ ወራት ተቀምጦ የከረመ ጄኔሬተር ደግሞ ሞተሩ በደንብ ይነሳና መብራት አልሰጥ ይላል። ብዙ ሰው «ዳይናሞው ተቃጠለ» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠፋው በብረቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ማግኔትነት ነው። ኤቪአሩ ሥራ የሚጀምረው በዚያ ጥቂት ማግኔትነት በሚፈጠረው ቮልት ስለሆነ፣ እሱ ከሌለ መነሻ የለውም። የሚያውቅ ባለሙያ ኤቪአሩን አላቅቆ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳያምታታ ከ12 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ወደ ኤክሳይተሩ ሽቦ ይሰጠዋል፤ ዳይናሞውም ይነቃል። ለፓምፕ የሚገዛ ጄኔሬተር ከሆነ ኤቪአሩን ለብቻው የሚመግብ ትንሽ ቋሚ ማግኔት የተገጠመለትን መምረጥ ይሻላል። ራሱን ከራሱ መውጫ የሚመግበው ኤቪአር ጉልበት የሚያጣው ቮልቱ በወደቀበት፣ ማለትም ጉልበት በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ባለ ቋሚ ማግኔቱ ግን በዚያች ሰዓትም አይራብም።

ገዢ ሌላም ነገር ማስላት አለበት። የዳይናሞ አምራቾች በሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ኃይል አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ500 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይቀነሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ያቅተዋልና። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ጄኔሬተር በበርበራ ወደብና በጅግጅጋው ካራማራ ተራራ ሥር እኩል ጉልበት አይኖረውም።

ሱቅ ውስጥ ፍሪጅ አጠገብ የሚቀመጠው ስታቢላይዘር ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የመጣለትን ቮልት ተቀብሎ በትራንስፎርመር ያስተካክላል እንጂ ምንጩ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። በእጅ ገመድ እየተሳቡ የሚነሱት ትንንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮች አንዳንዶቹ ደግሞ ኤቪአር ጭራሽ የላቸውም፤ በካፓሲተር ብቻ ስለሚሠሩ ጭነት በተቀየረ ቁጥር ቮልታቸው ይዋዥቃል። እንዲህ ካለው ማሽን የክትባት ፍሪጅ ማብራት ክትባቱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ጅግጅጋ ዛሬ የምታገኘው መብራት በድሬዳዋና በሐረር በኩል የሚመጣ የብሔራዊው መስመር ኃይል ነው። በዚያም ያው ሥራ በትልቁ ይሠራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የመልካ ዋከና የውሃ ኃይል ማመንጫ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ተርባይኖቹን ያዞረው የዋቢ ሸበሌ ውሃም ቁልቁል ወደ ሶማሌ ክልል ይወርዳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ የአገሪቱን ሌላኛውን ጠርዝ ይይዛል። በእነዚህ ጣቢያዎች እያንዳንዱ ጄኔሬተር የራሱ የቮልቴጅ ተቆጣጣሪ አለው። ሆኖም ምንጩ ላይ የተስተካከለ ቮልት ረጅም መንገድ ሲጓዝ እንዳለ አይደርስም። መስመሩ ብዙ ጭነት ሲሸከም ጫፉ ላይ ያለው ቮልት ይወድቃል፤ ሌሊት ጭነቱ ሲሳሳ በተቃራኒው ከመነሻው እንኳ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ባሉ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ትራንስፎርመሮችና ሌሎች መሣሪያዎች ሥራውን ይጋራሉ። በምሥራቅ ጫፍ ያለ ከተማ የኃይል ጥራት የሚወሰነው በዚህ ሁሉ ቅብብል ነው።

በሲቲ ዞን፣ ከጂቡቲ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ የአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል፤ የታቀደለት አቅም 120 ሜጋዋት ነው። ነፋስ እንደ ናፍጣ በገቨርነር አይታዘዝም፤ ፍጥነቱ በየደቂቃው ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት የዘመኑ ትልልቅ ተርባይኖች የሚያመነጩትን ኃይል ሙሉውን ወይም ከፊሉን በኤሌክትሮኒክ መለወጫ እያሳለፉ ነው መስመሩ ላይ የሚለቁት። ቮልቱን ከተፈለገው ጋር ማወዳደርና ማረም አሁንም አለ፤ የሚሠራው ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በመፍቻ የሚዞር ብሎን እዚያ የለም።