በዱባይ ተራ ስለሚሸጠው የእጅ ክብ መጋዝና ስለ አያያዙ

የመርካቶ ገበያ በየተራው የተከፈለ መሆኑ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ፥ አንዱ ዓይነት ዕቃ ካንድ ሥፍራ ተሰብስቦ መሸጡ፥ ሥፍራውም በዕቃው ወይም በመምጫው ስም መጠራቱ የገበያው ልማድ ሆኖ ኖሯል። ሸማ ተራ፥ ጎማ ተራ እንደማለት ነው። ዱባይ ተራም ስሙን የወሰደው ከባሕር ማዶው የንግድ ከተማ ነው። እኛ ግን ወደዚያ የሄድነው የስሞችን ታሪክ ለመጻፍ ሳይሆን አንድ ማሽን ሲሸጥ ለማየት ነበር። ማሽኑም በእጅ ተይዞ ጣውላ የሚቆርጠው በኤሌክትሪክ የሚዞር ክብ መጋዝ ነው።

በቆምንበት ሱቅ አንድ አናጢ ይህንኑ ማሽን ሲገዛ አየን። ከካርቶኑ አስወጣው፥ ስፒናውን አሰካና አስነሣው፥ ድምፁን አዳመጠ፥ ክብደቱን በእጁ መዘነ፥ በዋጋ ተከራክሮ ከፈለ። ከካርቶኑ ውስጥ የነበረው መመሪያ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበርና ሳይገለጥ ተመልሶ ገባ። ከዲስኩ ሥር ያለውን መሸፈኛ ግን በጣቱ እንኳ አልነካውም። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ማሽን ነገር ዋናው ያለው ከዚያው ከመሸፈኛው ላይ ነው።

ክብ መጋዝ ራሱ አሮጌ ፈጠራ ነው፤ ሳሙኤል ሚለር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1777 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። በእጅ የሚያዘው ግን የመጣው በ1920ዎቹ ሲሆን፥ ኤድመንድ ሚሼል የተባለ አሜሪካዊ ሠራተኞች ሸንኮራ አገዳ በቆንጨራ ሲቆርጡ አይቶ በሞተር የሚሠራ መቁረጫ ካሰበ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መልኩ ብዙ አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዲስክ 185 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በደቂቃ 5000 ጊዜ ቢዞር ጥርሱ በሰከንድ 48 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይኸውም በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ቢፈጅበት፥ በዚያች ጊዜ ዲስኩ 16 ዙር ዞሯል። ስለዚህ ቅልጥፍናዬ ያድነኛል የሚል ሰው ሒሳቡን አልሠራም።

አሁን ስለ መሸፈኛው እንናገር። የላይኛው መሸፈኛ ከማሽኑ ጋር የተያያዘና የማይንቀሳቀስ ነው። የታችኛው ግን በሞላ የተያዘ ስለሆነ፥ ማሽኑ ወደ እንጨቱ ሲገፋ በእንጨቱ ጠርዝ ተገፍቶ ወደ ኋላ ይከፈታል፤ ቆርጦ ሲወጣም ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ማብሪያው ከተለቀቀ በኋላ ዲስኩ ወዲያው አይቆምም፤ ጥቂት ሰከንድ ይዞራል፤ መሸፈኛው የሚያስፈልገውም ይልቁንም በዚያን ጊዜ ነው። በየሥራው ቦታ ግን ይህን መሸፈኛ በሽቦ ወደ ኋላ አስሮ ወይም ሽብልቅ ከቶበት መሥራት የተለመደ ነው። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ሰያፍ ሲቆረጥ ወይም ቀጭን ልጥ ሲነሣ መሸፈኛው በጠርዙ ላይ ይያዛል፤ ሙጫ ያለው ሰጋቱራ ከተጋገረበትም ይከብዳል፤ አናጢውም በቀን ብዙ ጊዜ ከሚታገለው አንድ ጊዜ ቢያስረው ይመርጣል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ስፒናውን ነቅሎ ሰጋቱራውን በብሩሽ መጥረግ፤ የሚይዝበት ጊዜም ቢመጣ በመሸፈኛው ላይ ባለችው ትንሽ እጀታ በእጅ ከፍ አድርጎ መጀመርና ዲስኩ እንጨቱ ውስጥ እንደገባ መልቀቅ ነው።

ያነጋገርናቸው አንድ አዛውንት አናጢ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች የሉም። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ ጣውላ በሁለት ድንጋዮች ላይ ጫፍና ጫፉን አስደግፈው ከመካከሉ ይቆርጡ ነበር፤ ጣውላው እንዳይንቀሳቀስም በግራ እጃቸው ከማሽኑ በስተኋላ ተጭነውት ነበር። ቁርጡ ሊያልቅ ሲል ጣውላው ከመካከሉ ጎበጠ፤ የተቆረጠው ክፍተትም ተዘግቶ ዲስኩን ጨመቀው፤ ማሽኑም ከእንጨቱ ዘሎ ወጥቶ ወደ ኋላ በእጃቸው ላይ ሄደ። መሸፈኛው በሽቦ ታስሮ ነበር። እሳቸው ዛሬም ጥፋቱን በማሽኑ ኃይል ያመካኛሉ፤ እኛም በፊታቸው አልተከራከርናቸውም፤ ለአንባቢዎቻችን ግን ነገሩን ልንገልጽ ይገባናል።

የዲስኩ የፊት ጥርሶች ከሥር ወደ ላይ ይቆርጣሉ፤ በዚህም ምክንያት እንጨቱን ወደ ማሽኑ መርገጫ ይስባሉ፥ ሥራውም የረጋ ይመስላል። (መልካሙን ገጽ ወደ ታች አድርጎ መቁረጥ የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስብራቱ የሚወጣው በላይ በኩል ነውና።) ክፍተቱ ሲዘጋ ግን ዲስኩ ይያዛል፤ እንዳይዞር የተከለከለው ኃይልም ማሽኑን ራሱን ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። እንግዲህ ጥያቄው ክፍተቱን ምን ይዘጋዋል የሚል ነው። አንደኛው የድጋፉ አኳኋን ነው። ጣውላው ከሁለት ጫፍ ብቻ ተደግፎ ከመካከል ከተቆረጠ መታጠፉ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ ድጋፉ ከቁርጡ አጠገብ ሆኖ፥ የሚቆረጠው ቁራጭ በነፃ እንዲወድቅ መተው አለበት። ረጅም ቁራጭ ቢሆን ለእርሱም የብቻው ድጋፍ ያሻዋል።

ሁለተኛው ከእንጨቱ ከራሱ ነው፤ ይህም ለአገራችን ሰው ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። አዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የምትሠራበት ባሕር ዛፍ በግንዱ ውስጥ ሲያድግ የተጠራቀመ ውጥረት አለበት። ሲሰነጠቅ ያ ውጥረት ይፈታል፤ ሁለቱ ወገኖችም አንዳንዴ ይከፈታሉ፥ አንዳንዴም ይገጥማሉ። እርጥብ እንጨት ደግሞ ዲስኩን በፍትጊያ ይይዘዋል። ከውጭ አገር በሚመጣ መመሪያ ላይ የሚታየው የደረቀ ጥድ ስለሆነ፥ መጽሐፉ ቢነበብ እንኳ ይህን አይነግረንም ነበር። በቁመቱ ሲሰነጠቅ ከዲስኩ በስተኋላ በክፍተቱ ውስጥ ቀጭን ሽብልቅ እያስገቡ መሄድ ይጠቅማል፤ ለዚህም ማሽኑን አቁሞ መሆን አለበት። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ እንዲህ ያለ ጠባይ የላቸውም፤ ሞራሌ ግን እንደ መጣበት ዛፍ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከዚሁ ይከተላል። ሠራተኛው በዲስኩ መስመር ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ወደ ጎን ይቁም። ጣውላው በማሰሪያ ይታሰር እንጂ በእጅ አይያዝ፤ ሁለቱም እጆች በማሽኑ ሁለት እጀታዎች ላይ ከሆኑ የሚቆረጥ እጅ የለም። የቁርጡ ጥልቀት ጥርሱ ከእንጨቱ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወጣ ሆኖ ይስተካከል። ዲስኩ ከተያዘ ማብሪያውን ለቆ እስኪቆም መጠበቅ ነው እንጂ እየዞረ ወደ ኋላ መሳብ ራሱ ይወረውራል። ኮንክሪት ፈሶበት የነበረ ጣውላ ከሆነ ምስማሩ በሙሉ ይነቀል፤ መነጽርም ይደረግ።

ስለ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ እንበል። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ባለ 110 ቮልት ማሽን ያለ መቀየሪያ አይሰካም። ገመዱ በስተኋላ ይዋል፤ ዲስክ ሲቀየር ስፒናው ይነቀል። የተላጠ ሽቦ በእንጨት ወትፎ ሶኬት ውስጥ መክተት የሚባለውን ልማድ ለመቃወም የተማረ ሰው መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ የከፋው ግን ክብ መጋዙን መግዛት ያልቻለ ሰው በብረት መቁረጫው ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ ማሰሩ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በእንጨት ዲስክ ላይ ደግሞ ከፍተኛው የዙር ልክ ተጽፎበታልና ከመግዛት በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ማስተያየት ይቻላል። ቁጥሩ ቢስማማም መርገጫ የለውም፥ በሞላ የሚዘጋ መሸፈኛም የለውም፤ ትልቅ ዲስክ እንዲገባ ሲባል ያለውም መሸፈኛ ይፈታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያዛል፤ ሠራተኛውም ለደኅንነት የተደረገውን መሣሪያ ከቦታው እንዳያነሣ ይከለክላል። ነገር ግን ማሽኑን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ በየሰዉ ቤት በር የሚገጥመው አናጢ አሠሪውም ሠራተኛውም እርሱ ራሱ ስለሆነ፥ ሽቦውን የሚያስፈታው ሰው የለም።

ወደ ዱባይ ተራው ሱቅ እንመለስ። ባለሱቁን አስፈቅደን፥ ስፒናቸው ያልተሰካ ሦስት ማሽኖች ከካርቶናቸው አስወጥተን፥ የታችኛውን መሸፈኛ እስከ መጨረሻው እየከፈትን ለቀቅነው። ማሽኑን ወደ ላይም ወደ ጎንም አዙረን ደገምነው። ሁለቱ ወዲያው ገጠሙ፤ ሦስተኛው ከእኩሌታው ላይ ቀረ። ባለሱቁ ማሽኑን ተቀብሎ መሸፈኛውን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገና ዘጋው፥ ወደ ካርቶኑም መልሶ ከሌሎቹ ጋር ደረደረው።