የኒውዮርኩ 92.3 ኤፍ ኤም፦ ስሙን ጥሎ ለሌላው ያተረፈ ጣቢያ

አንድ ነጋዴ ሱቁን ሳይለቅ ሸቀጡን ብቻ ቢቀያይር ደንበኛው ስንት ጊዜ ይከተለዋል? በኒውዮርክ ከተማ የኤፍ ኤም 92.3 ሞገድ ያሳለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙዚቃ ሬዲዮ ዘፈኑን በነፃ ያሰማል። የሚሸጠው ሸቀጥ አድማጩ ነው፤ ገዢው ደግሞ ማስታወቂያ አስነጋሪው ድርጅት ነው። ዋጋው የሚቆረጠው በአድማጩ ብዛትና ዕድሜ በመሆኑ፣ የአድማጭ ቁጥር ሲወርድ ባለቤቱ ፈጥኖ የሚነካው ዘፈኑን ነው። የማሰራጫ ፈቃዱ እንዳለ ይቆያል፤ ዘፈኑ ግን በአንድ ሌሊት ሊቀየር ይችላል።

92.3 በ1975 ደብልዩ-ኬ-ቲ-ዩ ተብሎ ለስለስ ባለ ሙዚቃ ሥራ ሲጀምር ገበያው ደካማ ነበር። በጁላይ 1978 ግን ፊቱን ወደ ዲስኮ አዞረ። ከተማዋ በዳንስ ቤቶች ተጥለቅልቃ ሳለ ቀኑን ሙሉ በዲስኮ ብቻ የሚነግድ ትልቅ ጣቢያ አልነበረም። ዓመቱ ሳያልቅ ጣቢያው ከታች ተነሥቶ የከተማዋ አንደኛ ሆነ። ለዓመታት የከተማዋን የሙዚቃ ገበያ ይዞ የኖረው የመካከለኛ ሞገዱ ደብልዩ-ኤ-ቢ-ሲ ከዚያ በኋላ አላገገመም፤ በሜይ 1982 ሙዚቃ ትቶ ወደ ንግግር ዞረ።

ነገር ግን አትራፊ ሸቀጥ ተፎካካሪ ይጠራል። የዲስኮ ወረት አለፈ፤ በዳንስ ሙዚቃም ሌሎች ጣቢያዎች ገቡበት። በ1983 ዜድ 100 የወቅቱን ተወዳጅ ዘፈኖች ይዞ ብቅ አለና ገበያውን አናጋው። የ92.3 ባለቤት የነበረው ኢንፊኒቲ ኩባንያ በ1985 የደብልዩ-ኬ-ቲ-ዩን ስም ጥሎ ጣቢያውን «ኬ-ሮክ» በሚል ስም የሮክ ሙዚቃ ማሰሚያ አደረገው።

በዚያው ዓመት ሃዋርድ ስተርን ተቀጠረ። የጠዋቱ ፕሮግራም ወደ ሌሎች ከተሞችም በመሠራጨቱ ኩባንያው ዳጎስ ያለ ትርፍ አገኘ። ሙዚቃው በ1996 ወደ አማራጭ ሮክ ሲቀየርም ስተርን ባለበት ቆየ። ችግሩ ደንበኛው የሻጩ እንጂ የሱቁ አለመሆኑ ነበር። ስተርን ለአምስት ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ውል በ2005 መጨረሻ ወደ ሲሪየስ የሳተላይት ሬዲዮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጣቢያው አንድ ቦታ መርጋት አልቻለም። በጃንዋሪ 2006 ሙዚቃውን ለንግግር ለቀቀ። ስተርንን የተካው የቫን ሄለን ድምፃዊ የነበረው ዴቪድ ሊ ሮት እስከ ኤፕሪል ብቻ ቆየ። በ2007 ኬ-ሮክ ተመለሰ። በ2009 በዜድ 100 ገበያ ለመግባት ወደ ወቅታዊ ተወዳጅ ዘፈኖች ዞረ፤ በ2014 ያንኑ ሸቀጥ በአዲስ ስም ሞከረው፤ በ2017 ወደ አማራጭ ሮክ ተመለሰ። በእያንዳንዱ ለውጥ የቀድሞው አድማጭ ይበተናል፤ አዲሱ እስኪለምድ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ያን ጊዜ ለመጠበቅ የታገሠ ባለቤት ግን አልተገኘም።

ትዕግሥቱ ከምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት ዕዳ ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የጣቢያ ብዛት ገደብ አነሣ፤ በትልልቅ ከተሞችም እስከ ስምንት ጣቢያ ፈቀደ። ኩባንያዎች እየተበደሩ ገዙ፤ ተዋሐዱም። አድማጩና ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሲሸሽ ብድሩ ግን ባለበት ቀረ። በ2017 92.3ን የያዘውና በኋላ ኦዳሲ የተባለው ኩባንያ፣ በኦክቶበር 2022 ሙዚቃውን አቁሞ የራሱን የመካከለኛ ሞገድ የዜና ጣቢያ፣ 1010 ዊንስን፣ በ92.3 ላይ አስተላለፈ። የዜናው ወጪ አስቀድሞ የተከፈለ ነውና ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ይህም ቢሆን ኩባንያውን አላዳነውም፤ በጃንዋሪ 2024 ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳውን ወደ 350 ሚሊዮን ለማውረድ የኪሳራ ፍርድ ቤት በር አንኳኳ።

በ1985 የተጣለው ስምስ ምን ሆነ? በ1996 ኤቨርግሪን የተባለ ሌላ ኩባንያ ደብልዩ-ኬ-ቲ-ዩ የሚለውን ስም አንሥቶ በ103.5 ሞገድ ላይ የዳንስ ሙዚቃ ጣቢያ አደረገው። በጥቂት ወራት ውስጥ የከተማዋ አንደኛ ሆነ፤ ስሙ ዛሬም እዚያው አለ። 92.3 ዋጋ የለውም ብሎ ከመዝገቡ የሰረዘውን ስም የኒውዮርክ አድማጭ ለአሥራ አንድ ዓመት አልረሳውም ነበር።

ጣቢያ ለመግዛትም ሆነ ማስታወቂያ ለማስነገር የሚያስብ ሰው ከአድማጩ ብዛት አስቀድሞ አድማጩ የማን እንደሆነ፣ የሱቁ፣ የሻጩ ወይስ የስሙ፣ ቢጠይቅ ይበጀዋል።