ጓያ፦ እግር የሚያስረው ጥራጥሬ

ጎፋ ካሉት እህል ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ ጓያ ለሚጠይቅ ሰው ባለሱቁ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ያሳየዋል። ጎንና ጎኑ የተጠረበ የሚመስል፣ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ጠንካራ ፍሬ ነው። ገዢዋ ቆልታ፣ ከክታ፣ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ደባልቃ ሽሮ ታስፈጨዋለች። ወጡን ወፈር ያደርገዋል፣ ዋጋውም ይቀላል። ይኸው ፍሬ ደንቢያ፣ ፎገራና ደላንታ ውስጥ ግን የብዙ ወጣቶችን እግር ዕድሜ ልክ አስሯል። ልዩነቱ ያለው እህሉ ላይ ሳይሆን አበላሉ ላይ ነው።

ጓያ የያዘው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምርመራው የሚጀምረው ከአረማመዱ ነው። ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፣ ጉልበቶቹ እየተፋተጉ አንዱ እግር ሌላውን ይሻገራል። ሐኪሙ ከጉልበቱ በታች ያለውን ጅማት በላስቲክ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ከልክ በላይ ይፈናጠራል። የእግሩን የፊት ክፍል በድንገት ወደ ላይ ሲገፋው ቁርጭምጭሚቱ በራሱ ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህን ክሎነስ ይሉታል። የውስጥ እግሩን ከተረከዙ ጀምሮ ጫር ሲያደርገው ደግሞ አውራ ጣቱ ወደ ታች መታጠፍ ሲገባው ወደ ላይ ይነሳል። ይህን ምልክት ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል።

ሦስቱም ምልክቶች ጉዳቱ እግሩ ላይ እንዳልሆነ ይናገራሉ። የአንጎል ትእዛዝ እግር የሚደርሰው በቅብብሎሽ ነው። የመጀመሪያው የነርቭ ሕዋስ ከአንጎል ተነስቶ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ይወርዳል፤ ላይኛው ሞተር ኒውሮን ይባላል። ሁለተኛው፣ ታችኛው ሞተር ኒውሮን፣ ከህብለ ሰረሰር ወጥቶ ጡንቻው ድረስ ይዘልቃል። ፖሊዮ የሚያጠቃው ታችኛውን ስለሆነ እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። ጓያ የሚያጠቃው ላይኛውን ነው። ታችኛው ነርቭ ተው የሚለው ያጣና ጡንቻውን ያለ ዕረፍት ያኮማትረዋል። በካርዱ ላይ ስፓስቲክ ፓራፓሬሲስ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ስፓስቲክ የጡንቻውን መገተር፣ ፓራፓሬሲስ የሁለቱን እግሮች መድከም ያመለክታል። ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የአካልን አንድ ጎን ስለሆነ እሱ ሄሚፓሬሲስ ይባላል። የጓያው በሽታ ሙሉ ስም ኒውሮላታይሪዝም ነው፤ ከተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ ከላታይረስ ሳቲቨስ፣ የተወሰደ ነው።

የበሽታው ደረጃ የሚለካው በምርኩዝ ነው። ያለ ምርኩዝ እያነከሰ የሚሄድ አለ፣ አንድ ምርኩዝ የሚይዝ አለ፣ ሁለት የሚይዝ አለ፤ የባሰበት በእጁ መሬት እየገፋ ይሳባል። ብዙ ጊዜ የሚያዙት ወጣት ወንዶች ናቸው፣ ገና እርፍ መጨበጥ በጀመሩበት ዕድሜ። አእምሯቸው ግን አይነካም። እግራቸው ሙቀቱንም፣ ቅዝቃዜውንም፣ እሾህ ሲወጋውም ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሥራ፣ ከትዳር፣ ከማኅበር የሚያገል ሰፈር ከበሽታው የበለጠ ጉዳት ያደርስበታል ብዬ አምናለሁ።

መርዙ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የህንድ ተመራማሪዎች ከፍሬው ለይተው አወጡት። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አንዱ ከሆነው ግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል። በግሉታሜት መቀበያ ላይ ተቀምጦ ሕዋሱን ያለ ልክ ይቀሰቅሰዋል፤ ሲደጋገም ሕዋሱ ይሞታል። የሞተ የነርቭ ሕዋስ ስለማይተካ በሽታው አይድንም። የተገተረውን ጡንቻ የሚያላላ ቶልፔሪዞን የተባለ መድኃኒት ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሮ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል፤ እሱም ቢሆን ሕመሙን ያቀላል እንጂ ነርቩን አይመልስም።

ታዲያ ይህን እህል ለምን ይዘሩታል? ዝናብ ሲጠፋ ባቄላውም ስንዴውም ሲደርቅ ጓያ ስለማይደርቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጥቁር አፈር ባስቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል፣ ውሃ የተኛበትንም መሬት ይችላል፣ መሬቱን በናይትሮጅን ያዳብራል፣ በፕሮቲንም የበለጸገ ነው። ለድሃ ገበሬ ከዚህ የተሻለ መጠባበቂያ የለም። ችግሩ ድርቁ ሲከፋ ገበታው ላይ ጓያ ብቻውን መቅረቱ ነው። የምግቡ ሲሶና ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲቀጥል እግር መያዝ ይጀምራል። ድርቅ ያየ ተክል ደግሞ ኦዳፑ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ወሎ ደላንታ ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር፤ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች በበሽታው ተይዘዋል። ከእነሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደንቢያና ፎገራ አይተውታል። ከእነሱም በፊት ማድሪድ በጦርነት ስትራብ ሠዓሊው ጎያ የጓያ ገንፎ የሚሻሙ ሰዎችንና መሬት ላይ የወደቀች ሴትን ቀርጾ አልፏል።

ከኢትዮጵያ ቀደምት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የገበሬውን ቤት የጓያ አበላል ለዓመታት አጥንተዋል። ሰው የሚፈራው ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎትና ገለባው ላይ መተኛትን ነው፤ የሚያስረው ግን መብላቱ ነው። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደገኞች ሆነው ተገኙ። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በመሳሰሉት ቅመሞች የተሠራው ወጥ፣ ከሌላ እህል ጋር የተደባለቀውም፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። መደባለቁ የሚጠቅመው ስንዴና ጤፍን የመሳሰሉ እህሎች ጓያ የሚጎድለውን ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ስለሚይዙ ነው። ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሰዋል፤ ይሁንና በድርቅ ዓመት ውሃውም ማገዶውም ከየት ይመጣል?

ዋሴ የተባለው፣ ኦዳፑ አነስ ያለው ዝርያ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል። ንቦች ከጎረቤት ማሳ የነባሩን ጓያ ብናኝ ስለሚያመጡበት ግን ገበሬው ዘሩን ለብቻው ካልጠበቀው ጠባዩ ይቀየራል። ስለዚህ ደላንታን ለመሰለ ወረዳ ድርቅ ሲሰማ የዕርዳታ ስንዴው መድረስ ያለበት ጓያው ብቻውን ገበታ ላይ ከመቅረቱ በፊት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ጓያውን የሚደባልቅበት ያህል ቢደርሰው እንኳ እግር ያድናል።