ከፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጩ ፔፕታይዶች፣ አእምሮና ድብርት

ሆርሞን በደም ተጉዞ ሩቅ ያለ ዕጢን የሚያዝ መልእክተኛ ብቻ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ታይቷል። ይህን አመለካከት ካናወጡት አንዱ የኔዘርላንዱ ፋርማኮሎጂስት ዳቪድ ደ ቪድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባካሄዱት ምርምር ፒቱታሪ ዕጢያቸው የተወገደ አይጦች ከአደጋ መሸሽን ለመማር ሲቸገሩ፣ ኤሲቲኤች ሲሰጣቸው ችሎታቸው ተመልሷል። የሚያስገርመው ከ39ኙ የኤሲቲኤች አሚኖ አሲዶች ከ4ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ብቻ ሲሰጡም ውጤቱ መታየቱ ነው። ይህ ቁራጭ አድሬናል ዕጢን አያነሳሳም፤ ስለዚህ የሚሠራው በአንጎል ላይ ነው ማለት ነው። ቫሶፕሬሲንም የተማሩትን ይዞ ለማቆየት እንደሚረዳ በአይጦቹ ታይቷል።

ከአይጥ ወደ ሰው የተደረገው ሽግግር ግን አላማረም። ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ቲአርኤች እ.ኤ.አ. በ1972 ድብርትን ፈጥኖ ያቀላል ቢባልም፣ ብዙዎቹ ተከታይ ጥናቶች አላጸኑትም። ሲአርኤች በድብርት ሕሙማን የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ተቀባዩን የሚዘጉት መድኃኒቶች ግን የተጣለባቸውን ተስፋ አላሟሉም።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ ለሚሠራ ባለሙያ ዕውቀቱ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ከጤና ተቋም ርቃ በአርብቶ አደር መንደር የወለደችና ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ በእርግዝና ወቅት የገዘፈው ፒቱታሪ ዕጢዋ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጹት ሕመም ይኸው ነው። ጡቷ ወተት አይዝም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ የብብት ፀጉሯ ይረግፋል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደክማ፣ ብርድ እየተሰማት፣ ንግግሯና አስተሳሰቧ ተጎትቶ ስትመጣ ድብርት ትመስላለች። አሚትሪፕቲሊን ቢታዘዝላት ቀድሞም ዝቅ ያለው የደም ግፊቷ ይብስበታል።

ስለዚህ ስለ ወሊዱ፣ ስለ ደሙና ስለ ወተቱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ላቦራቶሪ አይፈልግም። የደም ግፊትና የደም ስኳርም ይለካ። ቲኤስኤች ብቻውን ያሳስታል፤ ጉድለቱ ከፒቱታሪ ሲሆን ልኬቱ ጤናማ ሊመስል ይችላልና ነፃ ታይሮክሲንና የጠዋት ኮርቲሶል ወደሚለካበት ሆስፒታል መላክ ይገባል። እናቲቱ ራሷን ከሳተች ወይም ግፊቷ ከወደቀ ግን ውጤት ሳይጠበቅ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ፈሳሽና ግሉኮስ ይሰጣት። ታይሮክሲን የሚጀመረው ከኮርቲሶሉ ምትክ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሕይወቷን የሚያሰጋ የአድሬናል ቀውስ ይከተላል።