ብዙ ኪሎ ሜትር የተጓዘ አውቶሞቢል የካምቢዮ ዘይት ስለ መለወጥ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውና ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ አውቶሞቢል ወደ ጋራዥ ሲገባ፣ በባለ ንብረቱና በመካኒኮቹ መካከል አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል። አንደኛው ወገን የካምቢዮው ዘይት እንዲለወጥ ሲመክር፣ ሌላው ደግሞ «እስከ ዛሬ ያልተነካ ዘይት አሁን ከተነካ ካምቢዮው ይሞታል» እያለ ይከለክላል። አውቶሞቢሉን ለኪራይ፣ ለታክሲ ወይም ለዕቃ ማመላለሻ ያሰማራ ነጋዴ ይህን ክርክር ሰምቶ እንዲሁ ሊያልፈው አይችልም፤ የዘይቱ ዋጋ ካምቢዮውን ለማሳደስ ከሚጠየቀው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነውና፣ አውቶሞቢሉም ጋራዥ በቆመበት ቀን ሁሉ ገቢው ይቋረጣል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጠ። ስለዚህ አሮጌውን ሸጦ በሌላ መተካት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ በእጅ ያለውን ማቆየት ግድ ሆኗል።

በመሠረቱ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሥራ በሰፊው አይታወቅም። በእጅ በሚቀየረው ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት የማርሾቹን ጥርሶች ከማለስለስ ያለፈ ብዙ ተግባር የለውም። በአውቶማቲኩ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። የሞተሩን ኀይል በቶርክ ኮንቨርተር በኩል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው እርሱ ነው፤ በፓምፕ ተገፍቶ የፍሪሲዮን ዲስኮቹን እርስ በርስ በማጣበቅ ማርሽ የሚያስገባውም እርሱ ነው፤ ከዚህም በላይ በውስጥ የሚፈጠረውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ያደርሳል። በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1940 የኦልድስሞቢል ሞዴሎች ላይ ያዋለው ሃይድራማቲክ የተባለው ሲሆን፣ የሥራው መሠረት እስከ ዛሬ ይኸው የዘይት ግፊት ነው። ዲስኮቹ ሳይንሸራተቱና ሳይናጩ እንዲጣበቁ ዘይቱ ውስጥ ልዩ ቅመም ይጨመራል፤ የሚያስገርመው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ ለዚሁ ተግባር ይውል የነበረው ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት መሆኑ ነው።

ይህ ቅመም በሙቀት ብዛት ያልቃል። ዘይቱ በሥራ ላይ እንደ ወትሮው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ከዚህ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው ውስጥ ይገመታል። ዕቃ ጭኖ ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ዳገት ያለ ዕረፍት ይወጣል፤ በአዲስ አበባ ጠዋትና ማታ በሚከሠተው መጨናነቅ ውስጥ የሚሠራ ታክሲም በትንሽ ፍጥነት እየቆመና እየተነሣ፣ በቂ ነፋስ ሳያገኝ፣ ከዚህ ብዙ ያልተናነሰ ሥቃይ ያያል። አንዳንድ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ዘይቱ «ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን ለብዙ ፋብሪካዎች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ኩባንያ ራሱ፣ ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወይም በ8 ዓመት እንዲለወጥ ይመክራል። ከሁለቱ ቃል የካምቢዮው ሠሪ ቃል ሊታመን ይገባዋል።

ታዲያ «ከተነካ ይሞታል» የሚለው ፍርሃት ከየት መጣ? ፍርሃቱ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። አብዛኛው ባለ መኪና ዘይቱን ለመለወጥ የሚያስበው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ዲስኮቹ ተበልተው አልቀዋል፤ ከእነርሱ የተፋቀው ደቃቅ ብናኝ በአሮጌው ዘይት ውስጥ ተንሳፍፎ ጥቂት መያዣ ይሆናቸዋል። አዲስና ንጹሕ ዘይት ሲገባ ያ መያዣ ይጠፋል፤ መንሸራተቱም ይብሳል። በሌላ በኩል፣ በማሽን ግፊት የሚደረገው አጠባ ለዓመታት ተቀምጦ የነበረውን አተላ ቀስቅሶ ወደ ጠባቦቹ የዘይት መተላለፊያዎች ይወስደዋል። በሁለቱም ሁኔታ ጥፋቱ በአዲሱ ዘይት ላይ ይለጠፋል፤ እውነተኛው ገዳይ ግን አስቀድሞ ሥራውን የፈጸመው አሮጌው ነው።

ስለዚህ ከመወሰን በፊት ዘይቱ ይመረመራል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ቢያደላም የመቃጠል ሽታ ከሌለው፣ ማርሾቹም በደንብ የሚገቡ ከሆነ፣ ኪሎ ሜትሩ የቱንም ያህል ቢሆን መለወጡ ይጠቅማል። ዘይቱ ጠቍሮ የተቃጠለ ሽታ ካለውና ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ወደ ፊት የማይገፋ ከሆነ ግን የዘይት ለውጥ አያድነውም፤ ገንዘቡን ለምርመራና ለእድሳት ማቆየት ይሻላል። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ አውቶሞቢል የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ገዢ ከቈጣሪው ይልቅ ዘይቱን ቢያነብ ይበጀዋል።

አሠራሩም ጥንቃቄን ይጠይቃል። ብልኅ መካኒክ የማፍሰሻውን ቡሎን ከመፍታቱ በፊት የመሙያው ቡሎን የሚፈታ መሆኑን ያረጋግጣል፤ አለዚያ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልከፈት ቢል መኪናው እዚያው ይቀራል። ከዚያም ዘይቱ ለብ ባለ ጊዜ ይፈስሳል፤ የፈሰሰውም በሊትር ይለካል። የታችኛው የዘይት መያዣ ተፈትቶ ማግኔቱ ሲታይ፣ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ነገሩ ከዘይት አልፏል። ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑ ተለውጠው፣ የወጣው ያህል አዲስ ዘይት ይገባል። አንድ ጊዜ በማፍሰስ የሚወጣው ከጠቅላላው ሢሶው ወይም ግማሹ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩና በቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። ለአሮጌ ካምቢዮ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ ከጥቂት ሳምንት ሥራ በኋላ እንደገና፣ ካስፈለገም ለሦስተኛ ጊዜ ቢደገም፣ ዘይቱ ያለ ድንጋጤ በዝግታ ይታደሳል።

መጠኑ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሾቹ ሁሉ በየተራ ከገቡ በኋላ፣ ፋብሪካው በወሰነው ሙቀት ነው። የመለኪያ ዘንግ የሌላቸው ብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ዘይቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሞቅ በመትረፊያው ቀዳዳ በኩል ይለካሉ። ቀዝቃዛ ሳለ ወይም በግምት የሞላ ሰው፣ ሲበዛ አረፋ፣ ሲያንስ መንሸራተት ያተርፋል።

በገበያ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ግን በዘይቱ ዓይነት ነው። ቶዮታ ቲ ፎር የሚለውና ደብልዩ ኤስ የሚለው ዘይት ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ውፍረታቸው ግን የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው አይተካም። ከቪትዝ አውቶሞቢሎችም አንዳንዶቹ በማርሽ፣ ሌሎቹ ደግሞ በብረት ቀበቶ የሚሠራውን ሲቪቲ የያዙ ናቸው፤ ለሲቪቲው የራሱ ዘይት አለው፣ የሌላው ከገባበት ቀበቶው ይንሸራተታል። ስለዚህ መለዋወጫ ሻጩ በቀለም ሳይሆን በመመሪያው መጽሐፍ ወይም በመለኪያው ዘንግ ላይ በተጻፈው ስም መሸጥ፣ ገዢውም ማኅተሙ ያልተከፈተ ጣሳ መጠየቅ ይገባዋል። ለውጡ የተደረገበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቍጥርና የዘይቱ ስም በመኪናው መዝገብ ቢጻፍ፣ ሁለተኛው መካኒክ ከመገመት ይድናል፤ አሮጌው ዘይትም በጀሪካን ይቀመጣል እንጂ ወደ ጋራዡ ቦይ አይደፋም።