ኮፈኑን አይታችሁ ብቻ አትመኑ

ጠጋ በሉ። ይህን ጮክ ብዬ አላወራውም።

አዳማ ላይ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ለሽያጭ ሲቆም አይታችኋል አይደል? ቀለሙ ታድሷል፣ ወንበሩ ተለብጧል፣ ጎማው በቅባት ያብረቀርቃል። ገዢው ዙሪያውን ይዞራል፤ ላሜራውን ያንኳኳል። ደላላው ፈገግ ይላል። እኛ ጋራዥ ውስጥ ያደግነው ግን ጆሯችንን ነው የምንጥለው። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ያጋልጠዋል፦ ይህ ሞተር ከዚህ መኪና ጋር ከፋብሪካ አልወጣም!

ምን ገብቶበት ነው? ስድስት ሲሊንደር ነዋ። ስድስቱም ባንድ ረድፍ።

የዚህ አገር ሰው ይህን ድምፅ የለመደው ከኤንትሬ ነው። በአሰብ መንገድ ናዝሬትን፣ የዛሬዋን አዳማን፣ እያቋረጠ ጭነት ሲጎትት የኖረው ፊያት ኤንትሬ፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሞተር ነበረው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በየ120 ዲግሪው ተራ በተራ ይተኩሳሉ፤ የአንዱን ርግጫ ሌላው ያጠፋዋል። ለዚህ ነው ሞተሩ ሲሠራ የማይንዘፈዘፈው። አንዴ የለመደው ሰው አራት ሲሊንደር አይጥመውም።

አሁን ደላላው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራው የመጀመሪያው ጂፕ፣ በኋላ ላንድክሩዘር የተባለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። የ40 ሲሪስ ሞዴሎች አፍንጫም የተለካው ለረጅም ሞተር ነው። ባለ አራቱ ናፍጣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲመጣ፣ ለስድስት ልጅ በተሠራ ቤት አራት ልጅ እንደ ማሳደር ነበር። እናም ዛሬ አራቱ ወርዶ ስድስቱ ሲገባ ቦታው አይጠበውም። ኮፈኑ ተከፍቶ «ኦሪጅናል ነው» ስትባሉ የምታምኑትም ለዚህ ነው።

ሞተር መቀየሩ በራሱ ነውር የለውም። እንዲያውም እኔ እወደዋለሁ። 4.2 ሊትር የቤንዚን ሞተር እያጠጡ ባቱና ሻሸመኔ ለሚመላለሱ ሰዎች ናፍጣ ማስገባት ትልቅ እፎይታ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና የሚጥል ሰው የለም። ጥያቄው ሥራው እንዴት ተሠራ የሚለው ነው።

በእኛ ሰፈር ሁለት የቶዮታ ባለ ስድስት ናፍጣ ሞተሮች ይፈለጋሉ፦ ቱ ኤች እና እ.ኤ.አ. በ1990 የተካው ዋን ኤች ዜድ። ዋን ኤች ዜድ 4,164 ሲሲ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ግን አንድ ድብቅ ነገር አለው። የቱ ኤች ታይሚንግ በጥርስ ሲሆን የዋን ኤች ዜድ በቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ የተገዛ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ማን ያውቃል? «አለቃ፣ ቺንጋው ተቀይሯል?» ስትሉ «ወንድሜ፣ የዱባይ ሞተር እኮ ነው፣ እንዳትነካው!» የሚል መልስ ከመጣ፣ አልተቀየረም ማለት ነው። ጥሩ መካኒክ ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ ቺንጋውን ይቀይራል፤ ከገባ በኋላ እጁ በደንብ አይደርስማ።

ቀጥሎ ራዲያተሩን እዩ። ለአራት ሲሊንደር የተሠራውን ራዲያተር እንዳለ የሚተዉ አሉ። አዳማ ከተማ ውስጥ ምንም አይሰማችሁም። በእኩለ ቀን በወለንጪቲ አድርጋችሁ መተሐራ ውረዱ፤ የበሰቃን ሐይቅ አልፋችሁ ተመለሱ። ሽቅቡ ላይ የሙቀቱ መርፌ ከወጣ ምስጢሩ ወጣ።

ትልቁን ግን ለመጨረሻ ነው ያቆየሁት። ፖምፓው!

ገዢ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናው እንዲፈተለክለት የናፍጣ ፖምፓውን ከፍ አድርገው ያስሩታል። አዳማ ሜዳው ላይ ወፍ ነው። ታዲያ ሙከራውን ወደ አሰላ አድርጉት። ዴራን፣ ኢተያን አልፋችሁ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስትወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የተጨመረለትን ናፍጣ የሚያቃጥልበት አየር ያጣል። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ መንገዱን ከሸፈነው ፖምፓው ለእናንተ ተብሎ ተነክቷል። «ቱርቦ ልጨምርበት» የሚላችሁም አይጠፋም። ዋን ኤች ዜድ ለቱርቦ አልተሠራም፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከአሰላ በሰላም ከተመለሳችሁ ሊብሬውን ተቀበሉ። በተሽከርካሪ መመዝገቢያ አዋጁ፣ በ681/2002፣ መሠረት መኪና የሚመዘገበው ከነሞተር ቁጥሩ ነው። ሞተር ተቀይሮ ወረቀቱ ካልተከተለ ጣጣው ለዓመታዊ ምርመራ በምትሄዱበት ቀን እናንተን ይጠብቃል። ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር በጨርቅ አብሳችሁ ራሳችሁ አንብቡት፤ የሞተሩን የግዢ ደረሰኝም ጠይቁ። ቁጥሩ የተሞረደ ከመሰላችሁ፣ ወይም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ፣ ቀብድ አትስጡ።