የአባት ድስት አይለይ

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ወደ እኛ ወደ ኢማሞች ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «አባታችን የልብ ሕመም አለባቸው። ሐኪሙ አይጹሙ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ምን እናድርግ?» ጥያቄው የፊቅህ ብቻ ይመስላል፤ የመልሱ ግማሽ ግን ያለው ማጀት ውስጥ ነው።

የዲኑን እናስቀድም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 184 እና 185 ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ሕመሙ ይለቃል ተብሎ የማይጠበቅ፣ መጾምም ያልቻለ ሰው ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል፤ ይህ ፊድያ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ መጠኑ ለአንድ ቀን አንድ ሙድ የአገሩ ቀለብ ነው። ሰውነቱ መጾም ይችል እንደሆነ የሚነግረን ግን ሐኪሙ ነው። ስለዚህ አረጋውያኑን ረመዳን ሳይገባ እናሳክማቸው። በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘውን መድኃኒት በራሳችን ወደ ሁለት አናውርድ፤ ሰዓቱን ሐኪሙ ያስተካክለው።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። ጨው ውኃን በሰውነት ውስጥ ይይዛል። ልቡ የደከመ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹም ያጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ የምንቆጥረው ድስት ላይ የነሰነስነውን ብቻ ነው። በርበሬውና ሽሮው ግን በብዙ ቤት ከነጨው ይፈጫል፤ ሾርባው ላይ የሚጣለው የታሸገ ቅመምም ጨው የበዛበት ነው።

ብዙ ቤተሰብ መፍትሔ የሚያደርገው ለአባት ትንሽ ድስት ለብቻ መጣድን ነው። «አባባ፣ የእርስዎ ይኸኛው ነው» ይባላሉ። ሌላው ከአንድ ትሪ ሲበላ እሳቸው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። ሸክም ላለመሆን ሲሉም «ዛሬ ብቻ» ብለው ከልጆቹ ሳምቡሳ ያነሳሉ። ዛሬ የተባለው ሠላሳ ቀን ይሆናል። ስለዚህ የምንለውጠው የአባትን ድስት ሳይሆን የቤቱን ድስት ይሁን።

በርበሬና ሽሮውን ያለ ጨው እናስፈጭ። የአጃ ሾርባውን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በድንብላልና በሎሚ እናጣፍጠው፤ ጨው የፈለገ በየሳህኑ ይጨምር። ሳምቡሳውን ምስር ሞልተን ዘይት በመጥበስ ፈንታ ላዩን ቀባ አድርገን እንጋግረው። ቅቤውን በጥቂት ዘይት እንተካው። ሲያፈጥሩ በተምርና በውኃ ጀምሮ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ከዚያ ወደ ማዕድ መቅረብ ለልብም ይበጃል፤ ባንዴ የተሞላ ሆድ የደከመ ልብን ያስጨንቃልና።

ሦስት ነገር ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግ። «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖታሲየም አለበት፤ ከአንዳንድ የልብ መድኃኒቶች ጋር አደገኛ ነው። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ጎመን አንድ ሳምንት አብዝተው ሌላውን ሳምንት መተው የለባቸውም፤ መጠኑ ሳይለዋወጥ ይቆይ። ልቡ ለደከመ ሰው ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ውኃ በብዛት ማጠጣት ደግነት ላይሆን ይችላል፤ ልኩን ሐኪሙ ይንገረን። በጾም ላይ ያለ ሰው ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ጾሙን አፍጥሮ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይሂድ። ነፍስን ማዳን ከዲናችን ነው።

የማይጾሙትን አረጋውያን ደግሞ ቀን እንዳንረሳቸው። ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው ብለን የትናንት ትራፊ አናቅርብላቸው፤ ምሳቸው በሰዓቱ፣ ትኩስ ሆኖ ይቅረብ። ይህን የምታበስል ጾመኛ ልጅ ለወላጅ በጎ በመዋል አጅር ታገኛለች። ማታም ከትሪው ዙሪያ ቦታቸው አይጉደል።

ለብዙዎቹ ከሕመሙ ይልቅ የሚከብዳቸው «ጾም ቀረብኝ» የሚለው ሐዘን ነው። ፊድያውን ልጆች በስልክ ልከው አይጨርሱት። እህሉን አባት በእጃቸው ይስፈሩ፤ እናትም ለማን እንደሚሰጥ ትምረጥ። ያኔ ፊድያው ራሱ ኢባዳ መሆኑን ልባቸው ይቀበለዋል።

አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያ ይስጥልን፤ ጾማችንንም ይቀበለን። አሚን።